ጣና ላይ የተማሪዎች የቀዘፋ ክበብ፦ ከወላጆች ጋር ከባዶ ተነስቶ ማቋቋም

የባሕር ዳር ልጅ ሐይቅ እያየ ነው የሚያድገው። ከቤቱ ወጥቶ ትንሽ እንደተራመደ ጣና ፊት ለፊቱ ይዘረጋል። እስቲ ግን ልጆቻችሁን ጠይቋቸው። ስንቶቹ ዋና ይችላሉ? ስንቶቹስ መቅዘፊያ ይዘው ያውቃሉ? እኔ የልጄን የክፍል ጓደኞች ጠይቄ ነበር። መልሱ አስደነገጠኝ።

አሰልጣኝ አይደለሁም፤ ወላጅ ነኝ። ልጄ 9ኛ ክፍል ሳለች አንድ የስፖርት መምህር «የቀዘፋ ክበብ እንጀምር» ብሎ ወላጆችን ጠራ። እኔን ጸሐፊ አድርገው መረጡኝ። አብዛኛውን ነገር ተሳስተን ነው የተማርነው። አሁን ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ወላጆችና መምህራን «ከየት እንጀምር?» ብለው ይጠይቁኛል። ለእያንዳንዱ ከምደጋግመው አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልንገራችሁ። ብዙ ሰው ጀልባ ከተገኘ ክበብ የተገኘ ይመስለዋል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ውሃው ዳር ቆሞ ልጅ የሚቆጥር፣ ሻይ የሚያፈላ፣ የላላ ብሎን የሚያጠብቅ ወላጅ ከሌለ ግን ጀልባው ሣር ይበቅልበታል። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከጀልባው ይልቅ ስለ ሰዉ ያወራል።

መጀመሪያ በር አንኳኩ

ከርዕሰ መምህሩ ጀምሩ። ክበቡ በትምህርት ቤቱ ስም ይሁን፤ በአንድ ጎበዝ መምህር ወይም በአንድ ሀብታም ወላጅ ስም አይሁን። መምህሩ ይዛወራል፣ የወላጁም ልጅ ይመረቃል። የወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረቱ፣ ወተመህ የምንለው፣ በቃለ ጉባኤ ያጽድቀው። ያ ወረቀት በኋላ ባንክም ስፖርት መምሪያም ስትሄዱ ይጠየቃል። ጀልባ የምታሳርፉበት ቦታ ስትጠይቁም እንዲሁ። ሐይቁ ላይ ጀልባ ለማንቀሳቀስ የሚያስፈልገውን ፈቃድም በዚሁ ዙር ጨርሱ።

ከዚያ ወደ ውሃው ሰዎች ሂዱ። ይህን ብዙዎች ይዘሉታል። የሞተር ጀልባ ባለቤቶቹን፣ ዓሣ አጥማጆቹን፣ ከደንገል ታንኳ እየሠሩ የኖሩትን የነገደ ወይጦ አባቶች አነጋግሩ። ነፋሱ ከየት እንደሚነሳ፣ መረብ የት እንደሚጣል፣ ጉማሬ የት እንደሚውል ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። እኛ ዳቦ ይዘን ሁለት ሆነን ሄድን። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ፣ ሁላችንም አያ የምንላቸው፣ ልጆቹን ወደ ዓባይ መውጫ እንዳናስጠጋ አጥብቀው መከሩን። ምክራቸው ዛሬም የክበቡ የመጀመሪያ ሕግ ነው። በዚያ በኩል ውሃው ወደ ጨረጨራ ግድብ ይስባል፣ ጉማሬውም እዚያው አካባቢ ይበዛል።

የመጀመሪያው የወላጆች ስብሰባ

እኛ የመጀመሪያውን ስብሰባ በመዋጮ ጀመርነው። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። በሁለተኛው ስብሰባ 7 ሰው መጣ። ጥፋቱ የእኛው ነበር። ወላጁ ገንዘብ መስጠት ስላልፈለገ አልቀረም። የፈራው ነገር ሌላ ነበር፤ እኛም ስለ ፍርሃቱ ሳንጠይቀው ስለ ኪሱ ጠየቅነው።

የወላጅ ፍርሃት አንድ ነው፦ «ልጄን ውሃ ይወስድብኛል።» ስለዚህ ከዚያ ቀጥሎ የጠራነውን ስብሰባ እንዲህ አደረግነው፣ እናንተ ከመጀመሪያው አድርጉት። ስብሰባውን አዳራሽ ውስጥ ሳይሆን ሐይቁ ዳር አድርጉ። ላይፍ ጃኬት አምጡና አንድ ዋና የማይችል ወላጅ አልብሱት። ጥልቀት በሌለው ንጹሕ ቦታ ውሃ ውስጥ ይግባ። ይንሳፈፋል። ይህን በዓይኑ ያየ ወላጅ የሚጠይቀው ጥያቄ ይለወጣል። ከዚያ ደንቡን አንብቡ፦ ዋና ያላለፈ ልጅ ጀልባ ላይ አይወጣም፣ ላይፍ ጃኬት የሌለበት አይወጣም፣ ሞተር ጀልባ ሳይከተል ማንም አይቀዝፍም። ስለ ገንዘብ በዚያ ቀን አታንሱ።

በመጨረሻ እያንዳንዱ ወላጅ ስሙን፣ ስልኩንና ሙያውን ይጻፍ። ሙያው ነው ዋናው። የእኛ ዝርዝር ላይ አናጢ፣ በያጅ፣ ነርስ፣ የባጃጅ ሹፌር፣ ጠላ ነጋዴና የባንክ ሠራተኛ ነበሩ። ክበብ ለማቆም ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

እንደ እድር አደራጁት

ኮሚቴ ስለማዋቀር ከውጭ የተጻፈ ነገር መፈለግ አያስፈልጋችሁም። እያንዳንዳችሁ እድርተኛ ናችሁ። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ዕቃ ያዥ፤ ሁሉንም ታውቁታላችሁ። በእድር ድንኳን የሚተክለው፣ ውሃ የሚቀዳው በተራው ይታወቃል። ክበቡም እንዲሁ ይሁን። ከአራቱ ሌላ እነዚህ ሰዎች ያስፈልጋሉ፦ ጠዋት የሚቆጥር ተረኛ፣ የቁርስ ተረኛ፣ የጥገና ሰው፣ የጤና ሰው፣ የሴት ልጆች ተጠሪ እናት።

ተራውን በወር መጀመሪያ አውጡና በቴሌግራም ግሩፑ ላይ ለጥፉ። ስልክ ለሌለው ወላጅ ልጁ በወረቀት ይውሰድለት። አንድ ወላጅ በወር ከሁለት ጠዋት በላይ አትመድቡ። በትጋት የጀመረ ሰው ሁሉን እሸከማለሁ ሲል አትፍቀዱለት። በሦስተኛው ወር ይደክመውና ጭራሽ ይቀራል፤ ደርሶብን ነው የምላችሁ። ተራውን ያጎደለ በመቀጮ ፈንታ በሚቀጥለው ወር ሁለት እጥፍ ይውጣ። እኛ በገንዘብ መቅጣት ሞክረን ነበር። ያለው ከፍሎ ይቀራል፣ የሌለው ያፍርና ይጠፋል። ተውነው።

ዋና ከሁሉ በፊት

የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ለዋና ስጡ። ልጆቹ ያጉረመርማሉ፣ ጀልባው የታለ ይላሉ። አትሸነፉ።

ቦታው ገንዳ ቢሆን ይመረጣል። ባሕር ዳር ውስጥ ገንዳ ያላቸው ሆቴሎች አሉ። ጠዋት ገና እንግዳ ሳይነሳ ለትምህርት ቤት በቅናሽ እንዲሰጧችሁ በደብዳቤ ጠይቁ። ፈተናው ይህ ይሁን፦ ቁምጣና ቲሸርት እንደለበሰ 50 ሜትር መዋኘት፣ እግር ሳያስነካ 2 ደቂቃ ውሃ ላይ መቆየት፣ ውሃው ውስጥ እንዳለ ላይፍ ጃኬት መልበስና ማሰር። ሦስቱንም ያለፈ ስሙ ይመዝገብ። ያላለፈ ደግሞ ይሞክር። ማንም ወላጅ «ለእኔ ልጅ እለፉት» እንዳይል ውጤቱን መምህሩና የጤና ሰው አብረው ይፈርሙበት።

ልጆቹ በእንቅልፍ ልባቸውም ሊያውቁት የሚገባ አንድ ሕግ አለ። ጀልባው ቢገለበጥ ጀልባውን አይልቁም። ዳሩ ቅርብ ይመስላል፣ «ዋኝቼ እወጣለሁ» ያሰኛል። ውሃ ላይ ርቀት ዓይን ያታልላል። ጀልባ ይንሳፈፋል፣ ከሩቅም ይታያል፤ የአንድ ልጅ ጭንቅላት ግን ማዕበል ውስጥ አይታይም። ይህን ሆን ብላችሁ ተለማመዱት። ዳር አጠገብ፣ ሞተር ጀልባ ቆሞ፣ ጀልባውን ገልብጡትና ሁሉም ይዘው ይጠብቁ፣ እርስ በርስም ስም ይጠራሩ።

ስለ ቢልሃርዚያም በግልጽ እናውራ። በጣና ዳርቻ አለ። ጥገኛውን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ሣርና ቄጠማ ያለበትን ጥልቀት የሌለው ውሃ ይወዳል። ስለዚህ ጀልባ የምታወርዱበት ቦታ ከሣር የጸዳ ይሁን። የሚቻል ከሆነ ልጆቹ ውሃ ውስጥ ሳይቆሙ ከመሻገሪያ እንጨት ላይ በቀጥታ ይሳፈሩ። ጀልባ የሚያወርዱት ቦት ጫማ ያድርጉ። በዓመት አንድ ጊዜ ሁሉም ጤና ጣቢያ ሄደው ይመርመሩ። በሽታው ቢገኝም ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው። ተደብቆ ሲቆይ ነው የሚጎዳው።

ውሃውን ማወቅ

ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ጥልቀቱ ግን ትልቁ 14 ሜትር ገደማ ነው። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይናወጣል፣ ማዕበሉም አጭርና ሹል ይሆናል። ጠዋት ጸጥ ያለው ሐይቅ ከሰዓት በኋላ ሌላ ነው። ስለዚህ ሰዓታችሁ ከጠዋቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ተሩብ ነው። ልጆቹም ታጥበው፣ ቁርስ በልተው ለ2 ሰዓት ክፍል ይደርሳሉ። ከማዕበሉ ጫፍ ላይ ነጭ አረፋ ካያችሁ ያን ቀን ውሃ ላይ አይወጣም። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ወዲያው ውጡ፤ ከመጨረሻው ድምፅ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትመለሱ። መቅዘፊያ ይዞ ሜዳ ውሃ ላይ የተቀመጠ ልጅ በዙሪያው ካለው ሁሉ ረጅሙ እሱ ነው።

የውሃው ከፍታም ከወር ወር ይለያያል። መስከረምና ጥቅምት ላይ ሐይቁ ይሞላል፣ ሰኔ መግቢያ ላይ ይጎድላል። ልዩነቱ ከአንድ ሜትር ያልፋል። በጥቅምት የሠራችሁት መሳፈሪያ በግንቦት አየር ላይ ይንጠለጠላል። እኛ ባዶ በርሜሎች ላይ ጣውላ አስረን ተንሳፋፊ ሠራን፣ ከውሃው ጋር አብሮ ይወጣል ይወርዳል።

የምትቀዝፉበትን መስመር በካርታ ላይ ሥሉና ዳር ላይ ስቀሉት። ወጪው በአንድ በኩል፣ ተመላሹ በሌላ በኩል ይሂድ። የቱሪስት ሞተር ጀልባዎች መንገድ፣ መረብ የሚጣልበት ቦታ፣ ከዘጌ ማገዶ ጭነው የሚመጡ ታንኳዎች መስመር ይታወቅ። ታንኳ ቀዛፊው ፊቱን ወደሚሄድበት አዙሮ ነው የሚቀዝፈው። የእኛ ቀዛፊ ግን ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ከፊት የተቀመጠው ልጅ በየ5 ቀዘፋው ዞሮ የማየት ግዴታ አለበት፣ ታንኳ ሲያዩም የሚቆሙት የእኛ ልጆች ናቸው። ያ ሰው ለእንጀራው ነው የወጣው።

እምቦጭ የሚባለው ተንሳፋፊ አረም በ2011 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው ጣና ላይ መታየቱ የታወቀው፣ በሰሜን ምሥራቅ በኩል። ነፋስ ገፍቶ ያመጣው ቁራጭ ካያችሁ አትግቡበት፣ መቅዘፊያ ይይዛል። ጀልባው ላይ የቀረ ቅጠል ካለ ወደ ውሃው አትመልሱት። ዳር አውጥታችሁ ፀሐይ ላይ ይድረቅ።

የትኛው ጀልባ?

ቴሌቪዥን ላይ የምታዩት የውድድር ጀልባ ውብ ነው። የአንድ ሰዉ ርዝመቱ 8 ሜትር ገደማ ነው፣ በዓለም አቀፉ ደንብ ዝቅተኛ ክብደቱ ደግሞ 14 ኪሎ ብቻ። በጣም ጠባብ ስለሆነ ጀማሪ ገና ሲቀመጥ ይገለበጣል። ለጣና ማዕበልም አልተሠራም። በዚያ ገንዘብ አትጀምሩ። እርዳታ የሚሰጥ ሰው ብታገኙ እንኳ ሰፋ ያለውን የባሕር ዳርቻ ቀዘፋ ጀልባ ጠይቁ። የገባበትን ውሃ በኋላው በኩል ራሱ ያወጣል። ይህ የቀዘፋ ዓይነት በፈረንጆቹ 2028 የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ውስጥ ገብቷል፤ ስለዚህ ልጆቻችን «የድሃ ቀዘፋ» የሚሠሩ እንዳይመስላቸው ንገሯቸው።

እስከዚያው አናጢያችሁን ጥሩ። እዚሁ ጣና ዳር የእንጨት ጀልባ የሚሠሩ እጆች አሉ። እኛ ያሠራነው 6 ሜትር ተኩል ርዝመትና 1 ሜትር ከ30 ስፋት ያለው፣ አራት ቀዛፊና አቅጣጫ የሚጠብቅ አንድ መሪ የሚይዝ ነው። ወንበሩ እንደ ውድድር ጀልባው አይንሸራተትም። ለዓመት ሁለት ዓመት ከበቂ በላይ ነው።

አናጢው ላይ የማትለቁት ነገር፦ ከፊትና ከኋላ ወንበር ሥር ክዳናቸው የታሸገ ባዶ ጀሪካኖች አጥብቆ ይሰር። ጀልባው ውሃ ቢሞላም አይሰጥምም። ሥራው ሲያልቅ ጥልቀት የሌለው ቦታ ወስዳችሁ ውሃ ሙሉት፣ ልጆቹ ተቀምጠውበት ይንሳፈፍ እንደሆነ እዩ። ሳይፈተን አትረከቡ። አፍንጫው ላይ የጎማ ኳስ ይሁን፣ ሰው ቢመታ እንዳይወጋ። እግር የሚታሰርበት ማሰሪያ ልጁ እጁን ሳይጠቀም እግሩን መዞ የሚያወጣው መሆን አለበት።

መቅዘፊያው ከባሕር ዛፍ አይሁን። ይከብዳል፣ ሲደርቅም ይጣመማል። ዋንዛ ይቀላል። መቅዘፊያው በሚደገፍበት ቦታ ከርዝመቱ ሲሶ ገደማ ወደ ውስጥ ይቅር፣ ቀሪው ወደ ውጭ። ልጁ ሲቀዝፍ በጣም ከከበደው ወደ ውስጥ የሚቀረውን ትንሽ ጨምሩለት።

ላይፍ ጃኬት ለእያንዳንዱ ልጅ በልኩ ይገዛ። ሲለብስ ትከሻውን ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ጆሮው ጋ ከደረሰ ሰፍቶታል።

መቅዘፍ ማስተማር

ይህ የአሰልጣኙ ሥራ ስለሆነ ብዙ አልገባበትም። ግን ወላጅም ቢያውቀው የሚጠቅም አለ። ቀዘፋን ያላየ ሰው የክንድ ሥራ ይመስለዋል። ጉልበቱ የሚመጣው ከእግር ነው። ልጆቹ የሚማሩት ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ሲስቡ እግር፣ ወገብ፣ ክንድ፤ ሲመለሱ ክንድ፣ ወገብ፣ እግር። የማይንሸራተት ወንበር ላይ እግር አይዘረጋም፣ ግን አጥብቆ ይረግጣል። መሬት ላይ ተቀምጠው፣ የመጥረጊያ እንጨት ይዘው እያዜሙ ሲለማመዱት ሳምንት አይፈጅባቸውም።

ከዚያ ጀልባው ከመሳፈሪያው ጋር ታስሮ ይቅዘፉ። ቀጥሎ ሁለቱ ሲቀዝፉ ሁለቱ መቅዘፊያቸውን ውሃው ላይ አንጋለው ሚዛን ይጠብቁ። አራቱም አብረው የሚቀዝፉት በመጨረሻ ነው። ትእዛዞቹ አጭርና አንድ ዓይነት ይሁኑ። እኛ ጋ «ቅዘፉ»፣ «በቃ»፣ «ውሃ ያዙ» ናቸው። ሦስተኛው መቅዘፊያውን ውሃው ውስጥ ቀጥ አድርጎ ጀልባውን ማቆም ነው። ልጆቹ ራሳቸው ነው የመረጧቸው፣ ስለዚህ አይረሷቸውም።

ለጉልበት ውድ ማሽን ባይኖርም ቤዛዊት ኮረብታ አለ። በሳምንት አንድ ቀን ዳገቱን መሮጥ ለሳንባም ለእግርም በቂ ነው። እጃቸው ውሃ ሲቋጥር ጓንት አትግዙላቸው፤ መያዣው ይንሸራተትባቸዋል። ይታጠብ፣ ይድረቅ፣ በፕላስተር ይሸፈን። ባቄላ ያህል የቆሰለ እጅ ይዞ ሐይቅ ውስጥ መግባት ግን የለም፤ የዚያን ቀን ዳገት ይሩጥ።

የጠዋቱ ደብተር

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

በመጀመሪያው ዓመት፣ አንድ ቅዳሜ፣ ልጆቹ ከውሃ ወጥተው ስንቆጥር አንድ ጎደለ። 15 ነበሩ፣ 14 ሆኑ። ደግመን ቆጠርን። እናቱ ቁርስ እያዘጋጀች ነበር፤ ፊታችንን አይታ ምንም ሳንነግራት ገባት። የሞተር ጀልባው ተመልሶ ወጣ። ዓሣ አጥማጆች ታንኳቸውን አዙረው መፈለግ ጀመሩ። እኔ ውሃውን ስመለከት የነበረውን ስሜት አልረሳውም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ልጁ ተገኘ፤ ያጎቱን ሞተር ሳይክል አይቶ፣ ለማንም ሳይናገር፣ በሌላ በኩል ወደ ቤት ሄዶ ነበር። እናቱ ያን ቀን ቁርሷን አልበላችም። እኔም።

ከዚያ ወዲህ «ወጣ ገባ» የሚባል ደብተር አለን። ትልቅ፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው። ተረኛው ወላጅ ልጁ ሲደርስ ስሙንና ሰዓቱን ይጽፋል። ጀልባ ላይ ሲወጣ የጀልባው ቁጥር ይጻፋል። ሲወርድ ምልክት ይደረጋል። ወደ ቤት ወይም ወደ ክፍል ሲሄድ ልጁ ራሱ ይፈርማል። ያልፈረመ ልጅ አልሄደም ማለት ነው። የመጨረሻው ልጅ ሳይፈርም ተረኛው ከቦታው አይነሳም። ጊዜ ይፈጃል የሚሉ አሉ። ለ15 ልጅ 5 ደቂቃ አይፈጅም።

ሞተር ጀልባው ፈቃድ ባለው ሰው ይነዳ። ከሦስት ጀልባ በላይ አንድ ሞተር አይከተል። ላዩ ላይ 15 ሜትር ያህል የሚወረወር ገመድ፣ ትርፍ ላይፍ ጃኬት፣ ፊሽካ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን፣ ውሃ መጨለፊያ ጣሳ፣ በፕላስቲክ የታሸገ ስልክ ይኑር። ውሃ ውስጥ ወዳለ ልጅ ሲቀርብ ሞተሩ ይጥፋ፤ ጀልባው በደረሰበት ኃይል ብቻ ይጠጋ። የሞተሩ መዘውር ከውሃው የባሰ አደጋ ነው። ከተማ ውስጥ የእንቅስቃሴ ገደብ ባለበት ጊዜ ደግሞ ልምምዱ ይቅር። በጨለማ ባጃጅ ፍለጋ ልጅ መላክ ለየትኛውም ስፖርት አያዋጣም።

ሴት ልጆች ባሉበት ጠዋት ሁሉ ቢያንስ አንዲት እናት ትኑር። ልብስ መቀየሪያ በሸራ የተከለለ ቦታ ይዘጋጅ። ማንም አዋቂ፣ አሰልጣኙም ቢሆን፣ ከአንድ ልጅ ጋር ለብቻው ጀልባ ላይም ሆነ ዕቃ ቤት ውስጥ አይሁን። እርጥብ ልብስ የለበሱ ልጆችን ፎቶ አንስቶ ቲክቶክ ላይ መለጠፍ ክልክል ነው፤ ይህን በደንቡ ላይ ጻፉት።

ቁርስና ጾም

ከቀዘፋ የወጣ ልጅ ይርበዋል። እኛ ጋ እትዬዎቹ ያመጡት በሶ ነው ጉዳዩን የፈታው። በሶ በማር ወይም በስኳር ተበጥብጦ፣ ከዳቦና ከሙዝ ጋር፣ ሻይ ተጨምሮበት። ርካሽ ነው፣ ቶሎ ጉልበት ይሆናል፣ የጾም ነው። ቆሎ ለመንገድ ጥሩ ነው።

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ እስከ ቀትርና ከዚያም በላይ የሚቆዩ ልጆች አሉ። እነዚህን ልጆች ጾማችሁን ፍቱ ማለት የክበቡ ሥራ አይደለም፣ ራብ ይዟቸው ሐይቅ ላይ ማውጣትም አይቻልም። እኛ ለእነሱ የጠዋቱን የውሃ ልምምድ አስቀርተን የውሃውን ሥራ በቅዳሜና እሑድ ብቻ፣ ቀለል አድርገን እንሠራለን። በሌሎቹ ቀናት ገመድ ያስራሉ፣ ጀልባ ይጠግናሉ፣ ትእዛዝ ይለማመዳሉ። በረመዳን የሚጾሙ ልጆችም እንዲሁ ራብ ይዟቸው ሐይቅ ላይ አይወጡም። የልጁን ሁኔታ ወላጁ በግል ለመምህሩ ይንገር፤ በሰው ፊት «ትጾማለህ?» ተብሎ አይጠየቅ።

ገንዘቡ

የባንክ ሂሳቡ በሦስት ሰው ስም ተከፍቶ በሁለት ፊርማ ይውጣ፤ ከሦስቱ አንዱ ከትምህርት ቤቱ ይሁን። ለገባው ሁሉ ደረሰኝ ይቆረጥ። በየወሩ መጨረሻ ገንዘብ ያዡ የገባውንና የወጣውን ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ምንም ባይገባም ያንብብ። ወሬ የሚገባው ዝምታ ባለበት ነው።

መክፈል የማይችል ቤተሰብ አለ። የቀን ሠራተኛ አባት መዋጮውን ማምጣት ቢያቅተው ልጁን ያስቀራል፤ ምክንያቱንም አይነግራችሁም። ስለዚህ የጉልበት መዋጮ እንደ ብር ይቆጠር። ጣውላ የላጠ፣ መሳፈሪያ የጠገነ፣ ሌሊት ጀልባ የጠበቀ ከፍሏል። ማን በብር፣ ማን በጉልበት እንደከፈለ የሚያውቁት ገንዘብ ያዡና መምህሩ ብቻ ይሁኑ።

ወጪው በዚህ ቅደም ተከተል ይሂድ፦ ላይፍ ጃኬት፣ የሞተር ነዳጅ፣ ጀልባና መቅዘፊያ። ማሊያ መጨረሻ ላይ። ማሊያ አስቀድሞ አሳትሞ ነዳጅ ያጣ ክበብ አውቃለሁ፣ ልጆቹ ያማረ ማሊያ ለብሰው ዳር ላይ ቀሩ።

የወላጅ ድንበር

የሚረዳ ወላጅ አንዳንዴ ማሰልጠን ያምረዋል። ዳር ላይ ቆሞ «ጠንክር! ሳብ!» ይላል። ጀልባው ውስጥ ያለው ልጅ የመሪውን ድምፅ መስማት ሲገባው የአባቱን ይሰማል፣ ምቱም ይበላሻል። ስለዚህ ልጆቹ ውሃ ላይ ሳሉ ከዳር የሚጮኸው በአደጋ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም በፊሽካ።

ማን የትኛው ጀልባ ላይ ይቀመጥ የሚለውን አሰልጣኙ ይወስናል። ያልተስማማ ወላጅ ቅሬታውን አንድ ሌሊት አሳድሮ ለሰብሳቢው ይንገር። ማታ ነገሩ ከሆነው በላይ ይገንብናል፣ ጠዋት ይቀላል። በአንጻሩ ስለ ደኅንነት የሚነሳ ነገር አይደር። የትኛውም ወላጅ፣ የማንም ልጅ ቢሆን፣ ልምምዱን «አቁሙ» የማለት መብት አለው። ሲባልም መጀመሪያ ይቆማል፣ ከዚያ ይጠየቃል።

የመጀመሪያው ውድድር

ትልልቆቹ ወጣቶች በዓለም ላይ የሚወዳደሩት 2,000 ሜትር ነው። እናንተ 500 ይበቃችኋል። ሁለት ጀልባ ካላችሁ ከሌላ ትምህርት ቤት ወይም ከራሳችሁ ክፍሎች ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ አወዳድሩ። በሁለተኛው ዙር ጀልባ ይቀያየሩ፣ አንዱ ጀልባ ሁልጊዜ ይፈጥናልና። መስመሩን ቢጫ ጀሪካን በድንጋይ አስራችሁ አመልክቱ። መነሻና መድረሻ ላይ ሞተር ጀልባ ይቁም። ጠዋት 1 ሰዓት ጀምሩና ነፋሱ ሳይነሳ፣ ከ4 ሰዓት በፊት ጨርሱ። ንግግር የሚያደርግ እንግዳ ካለ ከውድድሩ በኋላ ይናገር።

ጥር ጥሩ ወር ነው፤ አየሩ ንጹሕ ነው። በጥምቀት ሰሞን ግን አታድርጉት፤ ልጆቹም ወላጆቹም ታቦት ይሸኛሉ። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከሚያዝያ በኋላ ለብሔራዊ ፈተናው ይለቀቁ፣ መቅዘፍ ቢለምኑም።

ሰኔ ላይ

ክረምት ሲገባ ውሃ ላይ መውጣት ይቆማል። ጀልባው ተገልብጦ ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ ይቀመጥ፣ ከላይም ይሸፈን። መቅዘፊያዎቹ ቆመው ይሰቀሉ፤ ተጋድመው ከከረሙ ይጣመማሉ። ላይፍ ጃኬቶቹ ታጥበው ጥላ ውስጥ ይድረቁ፣ ማሰሪያቸው የተተለተለ ካለ ተለይቶ ይውጣ። የጀሪካኖቹ ክዳን ይፈተሽ።

በዚሁ ወር የሚመረቁ ልጆች ወላጆች ይለቃሉ። ዝም ብለው እንዳይለቁ። አዲስ ተረኛ የሚሆነው ወላጅ ከነባሩ ጋር ሁለት ቅዳሜ አብሮ ይቁም፤ ደብተሩን እሱ ይጻፍ፣ ነባሩ ይመልከት። የባንኩ ፊርማ ቀያሪዎቹ አብረው ሄደው ያስቀይሩ። የዕቃ ዝርዝሩ አንድ በአንድ እየተቆጠረ ይፈረም። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ሁለት ቅጂ ይኑረው፦ አንዱ ለአዲሱ ዕቃ ያዥ፣ አንዱ ለመምህሩ። የወጣ ገባው ደብተር አልቆ ከሆነም አዲሱ ከመስከረም በፊት ተገዝቶ ሽፋኑ ላይ ዓመተ ምሕረቱ ይጻፍበት።